ጉልበቱ ለሚያመው ጠላቂ የትኛው ፊን ይሻላል? (ክሩ ከነመልሶቹ)

ጥያቄውን የጠላቂዎች መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፊን ማለት ጠላቂ እግሩ ላይ የሚያደርገው መቅዘፊያ ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ እየረዘመ ሄዶ ሠላሳ ደረሰ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ስለሚሰለቸው፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላስቀምጠው። የተሰረዙ መልሶች አሉ። ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ነገሩ ወዲህ ነው። የቀኝ ጉልበቴ ሜኒስከስ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ መሳይ ነገር፣ ተቀዶ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ደግሞ ኳስ በምጫወትበት ዘመን ደጋግሞ ወልቆ ጅማቱ ላልቷል። መሬት ላይ ሁለቱም ብዙ አያስቸግሩኝም። ውሃ ውስጥ ግን ሁለተኛው ዳይቭ (ጠለቃ) ላይ ጉልበቴ መነዝነዝ ይጀምራል። ማታ ያብጣል።

ለመጻፍ የገፋፋኝ ግን ሕመሙ አይደለም፣ ኀፍረቱ ነው። ጀልባ ላይ ተቀምጬ ፊኑን ለማድረግ ጉልበቴን ማጠፍ አቃተኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ከእግሬ ሥር ተንበረከከ፤ ማሰሪያውን በአውራ ጣቱ እየሳበ፣ የሕፃን ጫማ እንደሚያደርግ ሰው አደረገልኝ። ሌሎቹ አላዩም መሰለኝ። ወይም አይተው ዝም አሉ።

የማደርገው ከባድና ጠንካራ የጎማ ፊን ነው። ጎበዝ የምላቸው ጠላቂዎች ሁሉ እሱን ሲያደርጉ አይቼ ነው የገዛሁት። አንድ እምነትም ነበረኝ። ጠንካራ ፊን በአንድ ምት ብዙ ይገፋል፤ ስለዚህ ምቱ ያንሳል፤ ምት ካነሰ ጉልበት ያርፋል። ይሄ ልክ ነው ወይ? ካልሆነስ ምን ልግዛ? ጥያቄዬ ይሄ ነበር።

ቁጥር 1

በጣም ጨዋ ሰው ነው። ሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ አርትራይተስ እንዳለበት ነገረኝና ስንጥቅ ፊን እንድሞክር መከረኝ። ስንጥቅ ፊን ማለት ምላሱ፣ ማለትም ከጣት ወደ ፊት የሚዘረጋው ጠፍጣፋ ክፍል፣ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ ነው። እግር ሲመታ ሁለቱ ክንፎች ይጠማዘዛሉ፣ የተወሰነው ውሃም በስንጥቁ ሾልኮ ያልፋል። እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ያንሳል ማለት ነው። የእግር አመታቴን ካልቀየርኩ ግን ምንም እንደማይጠቅመኝ አስጠነቀቀኝ። ስንጥቅ ፊን ሰፊና ዘገምተኛ ምት አይወድም። ትንሽ፣ ፈጠን ያለ፣ ከዳሌ የሚነሳ ምት ነው የሚፈልገው። እሱ ራሱ እስኪለምደው ድረስ የትም የማይሄድ መስሎት ተስፋ ሊቆርጥ ነበር።

ቁጥር 2

አንድ መስመር ብቻ። ሐኪም አይቶኝ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ያላየሁ መስዬ አለፍኩት።

ቁጥር 3

ይሄኛው በር ሳያንኳኳ ነው የገባው። ስንጥቅ ፊን መጫወቻ ነው ብሎ ጀመረ። ወደ ኋላ መቅዘፍ አያስችልም፣ ባለህበት መዞር አያስችልም፣ ጠንከር ያለ ሞገድ ሲመጣ እግር ይርገበገባል እንጂ አይገፋም፣ ወለል ላይ ያለውን ደለል ያነሳል። መፍትሔው ያለኝን የጎማ ፊን ይዤ የእንቁራሪት አመታት መማር ነው አለ። የእንቁራሪት አመታት ሁለቱን እግር ወደ ጎን ከፍቶ መዝጋት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መንሸራተት ነው። በመካከል ስለሚያርፉበት ትንፋሽም ይቆጥባል። ስለ ጉልበቴ አንድ ቃል አልጻፈም።

ቁጥር 4

ክሩን ክር ያደረገችው እሷ ናት። በሙያዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ በትርፍ ጊዜዋ ጠላቂ ነች። ከሁላችንም ቀድማ ያልተጠየቀውን ጠየቀች፦ ጉልበትህ የትኛው ጋ ነው የሚያምህ? ከፊት፣ ከሎሚው ሥር? ከውስጥ በኩል? ከኋላ? ስታጥፈው ነው ስትዘረጋው?

ከዚያ ስለ ፊን የነበረኝን እምነት ከሥሩ ነቀለችው። ፊን እግርን ያረዝማል። ውሃው ምላሱ ጫፍ ላይ ሲገፋ፣ ያ ግፊት መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትን፣ ቀጥሎ ጉልበትን፣ በመጨረሻ ዳሌን ይጠመዝዛል። ምላሱ በረዘመና በጠነከረ ቁጥር ጥምዘዛው ይበረታል። አጠር ያለ እጀታና ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ ብሎን እንደመፍታት ነው። እዚህ ግን ብሎኑ ጉልበትህ ነው። የምት ቁጥር ቢቀንስም እያንዳንዱ ምት ይከብዳል። ለታመመ አንጓ አምስት ከባድ ምት ከአሥር ቀላል ምት ሊብስ እንደሚችል ገለጸች።

እዚህ ላይ አላቆመችም። ቁርጭምጭሚቱ ለላላ ሰው ምላሱ ለስላሳ፣ እግር የሚገባበት ኪስ ደግሞ ጠለቅ ብሎ የእግሩን ጀርባ በደንብ የሚይዝ ፊን ይሻለዋል። የጉልበቱ ፊት ለሚያመው ሰው ቀጥ ያለው ከላይ ወደ ታች ምት ነው የሚያስቸግረው፤ በተለይ ጉልበቱን አጥፎ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ከመታ። የጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ለሚያመው ደግሞ የእንቁራሪት አመታት ጠላቱ ነው። በደረት የሚዋኙ ስፖርተኞች እዚያው ቦታ ላይ የታወቀ ሕመም አላቸው፤ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። ዳሌው የታመመ ሰው እግሩን መክፈትና ወደ ውጭ ማዞር ይከብደዋል። ስለዚህ በጥቅሉ ለእግር ሕመም የሚሆን ፊን የሚባል ነገር የለም ማለቷ ነው።

ቁጥር 5

እኔ። ያዘዘችኝን አደረግኩ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ቀስ ብዬ ዘረጋሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጉልበቴን በትንሹ አጥፌ የእግሬን መዳፍ ወደ ውጭ አዙሬ ገፋሁ። ከውስጥ በኩል፣ በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ ላይ፣ መርፌ የሚመስል ነገር ወጋኝ። ጉዴ ያን ጊዜ ታወቀ። ለካ ስድስት ወር ሙሉ ራሴን ያሳመምኩት የጎበዞቹን የእንቁራሪት አመታት ልኮርጅ ስል ነው።

ቁጥር 6 እና 7

ቁጥር 3 ተመለሰ። የእንቁራሪት አመታት ያሳመመህ ስለማትችልበት ነው የሚል ነበር። ትክክለኛው አመታት ጉልበትን አያስከፍትም፣ ከቁርጭምጭሚት የሚወጣ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው፣ አንተ የምትሠራው የደረት ዋና ነው አለኝ። ንግግሩ ቢያናድድም ነገሩ እውነት አለው። ቁጥር 4ም ይሄን አልካደችም። ጠበብ ያለው አመታት ለጉልበት እንደሚሻል ተስማማች። ነገር ግን እኔ ቁርጭምጭሚቴም የላላ መሆኑን መጻፌን አስታወሰችው። ሥራውን ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ብታዛውረው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ቁጥር 3 ለዚህ መልስ አልሰጠም። ለጊዜው።

ቁጥር 8

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። ዳሌያቸው በሰው ሠራሽ ተቀይሯል። እንደ እሳቸው ሁላችንም የምንከራከርበት ነገር ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እግር የሚጎዳው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ውሃው አፋፍ ላይ ነው። ፊን ስናደርግ አንዱን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ እናነባብራለን። ያ አቀማመጥ ጉልበትንም ዳሌንም ይጠመዝዛል። ፊኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ እንስበዋለን፣ እንገፋዋለን፣ እንታገላለን።

የሳቸው መፍትሔ ሱስታ ነው። የጎማውን ማሰሪያ አውልቀው በማይዝግ ብረት ሱስታ ቀይረውታል። ሱስታው ይለጠጣል። ተረከዝ ላይ ሰፊ መያዣ ስላለው በአንድ ጣት ይሳባል። የሚጠብቅ የሚላላ መቆለፊያ የለውም። እግራቸውን ቀጥ አድርገው እንደዘረጉ ያደርጉታል። ማንም አይንበረከክላቸውም። ይሄን ሳነብ ያ ወጣት ትዝ አለኝ።

በተጨማሪ ከጀልባ ዘለው አይገቡም፤ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በጀርባቸው ይገለበጣሉ። ሲወጡም የአየር ሲሊንደሩንና በአየር የሚሞላውን የጠላቂ ጃኬት ውሃው ላይ አውልቀው ለጀልባው ሰው ያቀብላሉ፣ ከዚያ ባዶ ትከሻ መሰላል ይወጣሉ። ሃያ ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ ተሸክሞ መሰላል ከመውጣት የከፋ ጉልበት ሰባሪ የለም። አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ ብዬ መለስኩላቸው።

ቁጥር 9

ፊን ስንለካ የምናደርገውን ቦቲ፣ ማለትም የጠላቂ የጎማ ጫማ፣ አድርገን መለካት እንዳለብን ያሳሰበ ሰው ነው። ባለ 3 ሚሊሜትሩና ባለ 7 ሚሊሜትሩ ቦቲ አንድ ቁጥር ቢሆኑም አንድ ኪስ ውስጥ አይገቡም። ኪሱ ከጠበበ ደም ያስራል፣ ከሰፋ ደግሞ እግር ውስጡ ስለሚጫወት ጣት ሲቆነጥጥ ይውላል። የባት ክራምፕ የሚይዘን አንዱ ምክንያት ይሄው ሳይታወቀን መቆንጠጥ ነው። አጭርና ጥሩ።

ከቁጥር 10 እስከ 13

ክሩ እዚህ ጋ መንገድ ሳተ። አንዱ ተረከዙ ያልተከፈተውን፣ እንደ ጫማ የሚጠለቀውን ፊን አሞገሰ፤ ቀላል ነው፣ ማሰሪያ የለውም። ሌላው ድንጋያማ ዳርቻ ላይ በባዶ እግርህ ሂድና ንገረኝ ዓይነት መልስ ሰጠው። ከዚያ ፊንን የፈለሰፈው ታዋቂው ፈረንሳዊ ጠላቂ ኩስቶ ነው የሚል ሰው መጣ። አይደለም ተባለ። ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ኮርሊዩ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት። ኦወን ቸርችል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካ ውስጥ ወደ ገበያ አወጣው። ሌላው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በልጅነቱ ለእጁ የእንጨት መቅዘፊያ መሥራቱን ጨመረ። ደስ ይላል። ጉልበቴ ግን ያው ነው።

ቁጥር 14 እና 15

ፎርስ ፊን ስለሚባለው አጭር ፊን ረዥም ውዳሴ ነው። ከፖሊዩሬታን የተሠራ ነው። ጫፉ እንደ ዓሣ ጭራ የተቆረጠ ነው። የእግር ጣቶች በፊት በኩል ይታያሉ። ጸሐፊው እንደሚለው አንዱ አቅጣጫ ላይ ይገፋል፣ በመልሱ ላይ ታጥፎ ውሃውን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ያርፋል። ቁጥር 15 ሰውየው ሻጭ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ተቀየመ። ሁለተኛ አልጻፈም። ለኔ ሻጭም ቢሆን ነገሩ አይከፋም ነበር፤ የጻፈው ስለ አሠራሩ ነው።

ቁጥር 16

የዳይቭ አሠልጣኝ ነው። ከአባታችን ቀጥሎ የጠቀመኝ እሱ ነው። ስንት ኪሎ እርሳስ፣ ማለትም ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታሰር የብረት ክብደት፣ እንደምይዝ ጠየቀኝ። መለስኩለት። ሳቀብኝ ማለት ይቻላል።

ነገሩን እንዲህ አስረዳ። ክብደት የበዛበት ጠላቂ እንዳይሰምጥ ጃኬቱን በአየር ይሞላል። አየሩ ደረቱ ላይ፣ እርሳሱ ወገቡ ላይ። ስለዚህ ላይኛው አካሉ ይንሳፈፋል፣ እግሩ ይወርዳል። ውሃውን እንደ ተዘጋ በር በሰያፍ ይገፋዋል። ይሄን ሰው ለማንቀሳቀስ የትኛውም ፊን ቢሆን ይደክማል። ከዚህ ላይ ከባድ የጎማ ፊን ሲጨመር እግሩ ይበልጥ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክብደት ያስራል፤ ለታመመ እግር እሱን የመሰለ በደል የለም ባይ ነው። እግሩ ለሚንሳፈፍበት ሰው፣ በተለይ ወፍራም ልብስ ለሚለብስ፣ ከበድ ያለ ፊን ሊረዳው እንደሚችልም አልሸሸገም። የኔ እግር ግን ወራጅ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ዳይቩ አልቆ የሲሊንደሩ አየር ግፊት ወደ 50 ባር ሲወርድ፣ ጃኬቱ ባዶ ሆኖ፣ ትንፋሽ በመጠኑ ተይዞ ቀጥ ብሎ መቆም። ውሃው ዓይን ላይ ከቆመ ልክ ነው። ዳይቩ ሲጀመር መለካት ያሳስታል፤ ሙሉ ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ሁለተኛው ምክሩ ቀስ ማለት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የውሃው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ጉልበት ለመቆጠብ ጉልበት አታባክን ብሎ ቀለደ። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ ለዚህ ክር ነው የሚመስለው።

ቁጥር 17

አንድ እግር ያለው ጠላቂ ነው። ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። በአንድ ፊን፣ በዶልፊን አመታት፣ ከወገቡ እየተገለባበጠ ይሄዳል። ለመዞር በጣቶቹ መካከል ቆዳ መሳይ ነገር ያለው ጓንት ያደርጋል። አንድ ፊን ሲመታ ሰውነት ወደ አንድ ጎን እንደሚዞር፣ ያንን ለማስተካከል እርሳሱን ወደ ሌላው ጎን እንዳዛወረ ጻፈ። አካል ጉዳተኞችን በዳይቭ የሚያሠለጥን ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መኖሩንም ጠቆመ፤ ኤችኤስኤ ይባላል። ምሬት የለበትም። ሁላችንም ለጥቂት ሰዓት ዝም አልን።

ቁጥር 18

ቁጥር 2 ተመለሰ። አሁን አንድ መስመር አይደለም። ማበጡን ጠቅሶ፣ ከዳይቭ በኋላ የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ የፊን ጉዳይ እንዳልሆነ ጻፈ። ጥልቀት ላይ ወደ ሰውነት የገባ ናይትሮጅን ስንወጣ አረፋ ሲሠራ፣ አንዱ የታወቀ ምልክቱ የአንጓ ሕመም ነው። ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበት። ድሮም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ የድሮው ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዳይቭ በፊት ማስታገሻ መዋጤን በሆነ መልስ ላይ ጠቅሼ ነበር፤ እሱን ይዞ ምልክቱን ራስህ እየደበቅከው ነው ብሎ ቆጣኝ።

እኔም ተቆጣሁ። ፊን ነው የጠየቅኩት፣ ምክር አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር 19 ነው። አልሰረዝኩትም፣ ማፈሪያ ሆኖ እዚያው ይቀመጥ።

ቁጥር 20

ቁጥር 4 በእርጋታ ገባች። ቁጥር 2 ትክክል ነው። ከእያንዳንዱ ዳይቭ በፊት ሕመሙ የት እንደሆነና ከአሥር ስንት እንደሆነ በማስታወሻ እንድጽፍ መከረች። ከዳይቭ በኋላ ቦታው ወይም ዓይነቱ ከተለየ፣ አዲስ ነገር ነው ብሎ ወዲያው ኦክስጅንና ሐኪም መፈለግ። መጠበቅ የለም። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሐኪም ጋም ሄድኩ። ጉልበቴ ድሮ የማውቀው ያው ጉልበት እንደሆነ ተነገረኝ። ቁጥር 2 የአውራ ጣት ምልክት ብቻ አደረገልኝ። ሰውየው ቃል አያባክንም።

ከቁጥር 21 እስከ 24

ሁለቱ የሉም። ቁጥር 1 እና ቁጥር 3 ስለ ስንጥቅ ፊን ውሃ የማያነሳ ክርክር ውስጥ ገቡ፤ ነገሩ ወደ ስድብ ሲሄድ አወያዩ ሰረዘው። ከቀሩት አንዱ ክራምፕ ሲይዝ የፊኑን ጫፍ ይዞ ወደ ራስ መሳብ ባትን እንደሚያፍታታ ያስታወሰ ነው። ሌላው ፊኑን ትተህ የውሃ ስኩተር ግዛ ይላል። ስኩተሩ ባትሪው ያለቀ ቀን በምን ትመለሳለህ የሚል መልስ አገኘ።

ቁጥር 25

እኔ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሦስት ጥንድ ተዋስኩ። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከነሲሊንደሬ እየተመላለስኩ ሞከርኩ፤ በአንድ ቀን አንዱን ብቻ፣ ጉልበቴ ማግስቱን ምን እንደሚል ለመስማት። የራሴ የጎማ ፊን በጥቂት ምት አደረሰኝ፣ ማግስቱን ደረጃ ስወርድ ግድግዳ አስያዘኝ። ስንጥቁ ጉልበቴን ጨርሶ አልነካውም። ነገር ግን ፈጣኑ ምት ግራ ቁርጭምጭሚቴን አድክሞ አመሻሹ ላይ አነዘነዘኝ። ይሄን ማንም አልጠበቀም፣ እኔም ጭምር። ሦስተኛው ስንጥቅ የሌለው፣ መካከለኛ ርዝመት ያለው፣ በሁለት እጅ ስይዘው በቀላሉ የሚታጠፍ ተራ ፕላስቲክ ፊን ነው። ዝግ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ከዳሌ የሚነሳ ቀጥ ያለ ምት። ኪሱ ጠለቅ ይላል። እሱን ወሰድኩ። ሱስታ አስገባሁበት። እርሳሴን 3 ኪሎ ቀነስኩ። የትኛው ይበልጥ እንደረዳኝ ብትጠይቁኝ እርሳሱን እላለሁ፤ ሱስታው ደግሞ ኀፍረቴን።

ከቁጥር 26 እስከ 28

ቁጥር 1 በስንጥቁ ጉዳይ ትንሽ ቅር አለው፣ ቢሆንም እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ቁጥር 4 ቁርጭምጭሚቱን የሚያጠነክር የጎማ ገመድ ልምምድ ሰጠችኝ። እየሠራሁ ነው፣ አልፎ አልፎ። አባታችን ሱስታውን ከዳይቭ በኋላ በንጹሕ ውሃ እንድለቀልቀው አሳሰቡ፤ አሸዋ ከገባበት ይነክሳል።

ቁጥር 29

ቁጥር 3። ክሩን እንደገና ከላይ እስከ ታች ማንበቡን ጻፈና፣ የተውኩት የጎማ ፊን ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። የሱ ኪስ ተቀዷል።

ቁጥር 30

43 ነው አልኩት። ከነማሰሪያው።